ጌሙን በሁለት ስክሪን ማሳየት፦ የትኛው መንገድ ያከብዳል፣ የትኛውስ አያከብድም?

ወንድሜ ስጫወት ማየት ይወዳል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሞኒተሬ ፊት እቀመጣለሁ፣ እሱ ሶፋው ላይ ጋደም ይላል። አንድ ቀን "ለምን በቴሌቪዥኑም አታሳየኝም?" አለኝ። ረጅም ኤችዲኤምአይ ኬብል ፈልጌ ሰካሁ። ዊንዶውስ ላይ ዱፕሊኬት የሚለውን መረጥኩ። ምስሉ ሁለቱም ላይ መጣ። ጨዋታውን ስጀምረው ግን ሌላ ጨዋታ ሆነብኝ። እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው እንቅስቃሴ ከበደ። ጽሑፉ ደበዘዘ። ማውሱ እጄን ዘግይቶ የሚከተል መሰለኝ።

"ግራፊክስ ካርዱ ሁለት ስክሪን አይችልም ማለት ነው" ብዬ ደመደምኩ። ብዙ ሰው እንዲሁ ያስባል። ሁለት ስክሪን ሲባል ሁለት እጥፍ ሥራ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የኔ ካርድ ያን ቀን ጨርሶ አልደከመም ነበር። ጨዋታውን ያከበደው ከሁለተኛው ስክሪን ጋር ተያይዞ የመጣ ሌላ ነገር ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ካሉት መንገዶች ውስጥ የሚሆናችሁን መምረጥ አይከብድም።

ካርዱ የሚስለው አንዴ ነው

ግራፊክስ ካርድ ጌም ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ምስሉን መሳል ነው፤ ሬንደር የሚባለው። ጥላው፣ ብርሃኑ፣ ሳሩ፣ ፀጉሩ ሁሉ እዚህ ይሰላል። ካርዱን የሚያግለው፣ ፋኑን የሚያስጮኸው ይህ ነው። ሁለተኛው ሥራ ተስሎ ያለቀውን ፍሬም (አንዱን ሙሉ ምስል) ከሜሞሪው ላይ እያነበቡ በኬብሉ ወደ ስክሪን መላክ ነው። ይህን የሚሠራው ለዚሁ ብቻ የተመደበ የቺፑ ክፍል ነው። ከሚስለው ክፍል ጋር የሚሻማው በሜሞሪው መንገድ ላይ ብቻ ነው።

ዱፕሊኬት ስታደርጉ የመጀመሪያው ሥራ አይደገምም። ፍሬሙ አንዴ ይሳላል፣ ሁለት ጊዜ ይነበባል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን አንድ ተጨማሪ ንባብ ስንት ያስወጣል ብለን ነው።

እስቲ እናስላው። 1920 በ1080 (ባጭሩ 1080 የምንለው) የሆነ ፍሬም ወደ 2.07 ሚሊዮን ፒክስል ወይም ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ቢይዝ ፍሬሙ 8.3 ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲነበብ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ነው። አሁን እንደ ደካማ የሚቆጠረው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እንኳ ሜሞሪው በሰከንድ 112 ጊጋባይት ያመላልሳል። ተጨማሪው ንባብ ከዚህ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ሁለተኛው ስክሪን 4ኬ (የ1080 አራት እጥፍ ፒክስል ያለው) ሆኖ በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ቢነበብ ወደ 2 ጊጋባይት ይደርሳል፤ ያም ቢሆን ከ2 በመቶ በታች ነው። 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አርቲኤክስ 3060 ደግሞ በሰከንድ 360 ጊጋባይት ስላለው ጭራሽ አይታወቀውም።

ይህ የማይሠራው ራሱን የቻለ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ የሚጠቀመው ራሙን ነው። አንድ ባለ 3200 ዲዲአር4 ራም ብቻ የተሰካበት ማሽን በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ነው ያለው። እሱንም ከፕሮሰሰሩ ጋር ይካፈለዋል። ከዚህች ላይ ለ4ኬ ቴሌቪዥን 2 ጊጋባይት ሲነሳ ጨዋታው ላይ ይታወቃል። ማሽናችሁ እንዲህ ያለ ከሆነ ቴሌቪዥኑን ወደ 1080 አውርዱት። ከተቻለ ደግሞ ሁለተኛ ራም ጨምሩበት፤ መንገዱ እጥፍ ይሆናል። ለጌም ራሱ በጣም ይጠቅማል።

"ስክሪን በበዛ ቁጥር ካርድ ይደክማል" የሚለው አባባል ከየት መጣ? ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ጨዋታውን በሦስት ስክሪኖች ላይ አስፍታችሁ እንደ አንድ ሰፊ መስኮት ስትጫወቱ ካርዱ በእርግጥ ሦስት እጥፍ ይስላል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2009 አይፊኒቲ ብሎ ያመጣው ይህንን ነው። ሦስት 1080 ስክሪኖች ጎን ለጎን 5760 በ1080 ይሆናሉ፣ ከ6.2 ሚሊዮን ፒክስል በላይ ማለት ነው። ያ ማስፋት ነው። እኛ የምናወራው ስለ ማባዛት ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም።

ዱፕሊኬት፦ በሁለት ቁልፍ የሚሠራው

የዊንዶውስን ቁልፍ ከ"ፒ" ጋር ስትጫኑ አራት ምርጫ ይመጣላችኋል፦ የኮምፒውተሩ ስክሪን ብቻ፣ ዱፕሊኬት፣ ኤክስቴንድ፣ ሁለተኛው ስክሪን ብቻ። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዱፕሊኬት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሶፍትዌር አይጠይቅም።

ጉዱ ያለው ዊንዶውስ ሁለቱን ስክሪኖች እንደ አንድ ዴስክቶፕ መቁጠሩ ላይ ነው። አንድ ዴስክቶፕ አንድ ሪዞሉሽን፣ ማለትም አንድ የፒክስል መጠን፣ ነው የሚኖረው። የኔ ሞኒተር 2560 በ1440 ሆኖ 144 ኸርዝ ነው። ቴሌቪዥኑ 4ኬ ሆኖ 60 ኸርዝ ነው። ዊንዶውስ ሁለቱም የሚስማሙበትን ፈለገና 1920 በ1080 ላይ፣ በ60 ኸርዝ አሳረፋቸው። ከሁለት ያጣ ሆንኩ። ሞኒተሬ ጥራቱን አጣ፣ ቴሌቪዥኑም 4ኬነቱን አጣ።

የሚገርመው የኤፍፒኤስ ቁጥሩ፣ ካርዱ በሰከንድ የሚስለው የፍሬም ብዛት፣ ጨምሮ ነበር። 1440 ማለት 3.69 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ ወደ 1080 ሲወርድ የካርዱ ሥራ በ44 በመቶ ቀነሰለት። ግን ያ ሁሉ ፍሬም ተስሎ ስክሪኑ የሚያሳየው በሰከንድ 60ውን ብቻ ነው። ቀድሞ በየ6.9 ሚሊሰከንዱ አዲስ ምስል አይ ነበር፤ አሁን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ። "ማውሱ ዘገየ" ያልኩት ይህንን ነው። ካርዱ ደከመ ብዬ የፈረድኩበት ያለ ጥፋቱ ነበር።

ተቃራኒውም ይገጥማል። አንዳንድ 1080 ሞኒተሮች የ4ኬ ሲግናል ተቀብለው ራሳቸው ያሳንሱታል። እንዲህ ያለውን ከ4ኬ ቴሌቪዥን ጋር ዱፕሊኬት ስታደርጉ ዴስክቶፑ ወደ 4ኬ ሊወጣ ይችላል። ጨዋታው የዴስክቶፑን ሪዞሉሽን የሚከተል ከሆነ ካርዱ ሳታውቁት አራት እጥፍ ፒክስል መሳል ይጀምራል። እዚህ ላይ ኤፍፒኤሱ በእርግጥ ይወድቃል። ሰው ግን የሚወቅሰው ዱፕሊኬቱን ነው። ዱፕሊኬት እንዳደረጋችሁ መጀመሪያ የዴስክቶፑን ሪዞሉሽን፣ ቀጥሎ የጨዋታውን ሪዞሉሽን እዩ። ግማሹ ችግር እዚያው ይገኛል።

ሪፍሬሽ ሬቱ (ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ በኸርዝ የሚቆጠረው) ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሁለቱ ስክሪኖች ወደ ዝቅተኛው ባይወርዱና የየራሳቸውን ይዘው ቢቀጥሉ እንኳ፣ ጨዋታው ቪሲንክ ሲያደርግ (ፍሬሙን ከስክሪኑ መታደስ ጋር ሲያገጣጥም) የሚከተለው የአንዱን ሰዓት ነው። ሌላው ላይ ምስሉ አግድም የተቀደደ ይመስላል፣ ወይም እየዘለለ ይሄዳል። "ሁለቱም 60 ናቸው" ስትሉም ልብ በሉ። ብዙ ቴሌቪዥኖች 60 የሚባለውን በ59.94 ነው የሚሠሩት። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በየ17 ሰከንዱ ገደማ አንድ ፍሬም ያመልጣል ወይም ይደገማል። ቀስ ብሎ በሚሄድ ካሜራ ላይ ዓይን ይይዛታል። ሁለቱንም 59.94 ወይም ሁለቱንም 60 ላይ ማድረግ ብዙ ያሻሽላል። ሞኒተራችሁ 144 ከሆነና ሁለቱን በየራሳቸው ማስኬድ ከተቻለ 120 ላይ አድርጉት፤ 120 ለ60 እኩል ይካፈላል፣ 144 አይካፈልም።

ጂ-ሲንክና ፍሪሲንክም ዱፕሊኬት ላይ ብዙ ጊዜ ከሥራ ውጪ ይሆናሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥራቸው ስክሪኑ የካርዱን ፍጥነት እየተከተለ እንዲታደስ ማድረግ ነው። ሁለት የተለያዩ ስክሪኖች አንድን ፍሬም በአንድ ጊዜ እንዲህ ሊከተሉ አይችሉም። ኤፍፒኤሳችሁ ከ50 እስከ 80 የሚዋዥቅ ከሆነ ያ መጥፋት ከምንም በላይ ይሰማችኋል። ቁጥሩ ያው ሆኖ ጨዋታው የሚቆራረጠው ለዚህ ነው።

ድምፁንም አትርሱ። ዱፕሊኬት የሚያባዛው ምስሉን እንጂ ድምፁን አይደለም። ድምፁ ወይ በሄድፎናችሁ ነው ወይ በቴሌቪዥኑ።

እንግዲህ ዱፕሊኬት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ሪዞሉሽናቸውና ሪፍሬሽ ሬታቸው ከገጠመ፣ ሁለቱም እዚያው ካርድ ላይ ከተሰኩ፣ የምታጡት ነገር ኢምንት ነው። ረጋ ያሉ ጨዋታዎች ላይም፣ ሰፈር እየገነቡ ወይም ካርታ እያዩ ለሚጫወቱት፣ 60 ኸርዝ ይበቃል። ፈጣን ተኩስ ያለበት ጨዋታ ላይ፣ አንዱ ስክሪን ከሌላው ከዘገየ ግን አልመክርም።

ላፕቶፕ ከሆነ ይህን ሳታነቡ አትለፉ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሁለቱ ስክሪኖች ከአንድ ቺፕ ጋር ሲገናኙ ነው። ብዙ የጌም ላፕቶፖች ላይ ግን ሁለት ቺፕ አለ፦ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራው፣ ሌላው ኃይለኛው ካርድ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕቲመስ ብሎ ያመጣው አሠራር ባትሪ እንዲቆጥብ የላፕቶፑን ስክሪን ከደካማው ቺፕ ጋር ያያይዘዋል። ኃይለኛው ካርድ ይስልና ፍሬሙን ለደካማው ቺፕ ያቀብላል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ደካማው ነው። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው በቀጥታ ከኃይለኛው ካርድ ጋር ነው የተያያዘው።

አሁን ዱፕሊኬት ስታደርጉ አንዱ ምስል በሁለት ቺፕ ላይ ወዳሉ ሁለት ስክሪኖች መድረስ አለበት። ፍሬሙ ፒሲአይ በሚባለው፣ ቺፖቹን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ አለበት፣ ሁለቱ ቺፖችም መጠባበቅ አለባቸው። 1080ን በ144 ኸርዝ ብንወስድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሰከንድ 1.2 ጊጋባይት ገደማ ነው። ቁጥሩ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም። የሚጎዳው መጠበቁ ነው። አንድ ፍሬም ዘግይቶ ሲደርስ የቀጣዩም ተራ ይዛባል። ላፕቶፕ ላይ ዱፕሊኬት አድርገው "ጨዋታው ሞተ" የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ምክንያቱ ግን የስክሪን መብዛት ሳይሆን ሁለት ቺፖች ለአንድ ምስል መተባበራቸው ነው።

መፍትሔው ደግሞ ደስ ይላል፤ ሁለተኛው ስክሪን ብቻ የሚለውን ምረጡ። የላፕቶፑ ስክሪን ይጠፋል፣ ጨዋታው ከኃይለኛው ካርድ በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍፒኤሱ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ከምትጫወቱት እንኳ ይሻላል፤ ያ የመገልበጥ ሥራ ስለቀረ። ላፕቶፓችሁ መክስ ስዊች የሚባለው ካለው የራሱን ስክሪንም ከኃይለኛው ካርድ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ትችላላችሁ። ያኔ ዱፕሊኬትም ቢሆን በአንድ ቺፕ ላይ ይሆናል።

ዴስክቶፕ ያላችሁም ዘና አትበሉ። ኮምፒውተሩን ከኋላ እዩት። አንዱ ኬብል ካርዱ ላይ፣ ሌላው ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ከሆነ በራሳችሁ እጅ የላፕቶፑን ችግር ሠርታችሁታል። ሁለቱንም ካርዱ ላይ ሰኩ። በኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ማነስ ምክንያት እንደዚያ አድርጋችሁ ከሆነ ካርዱ ላይ ያለውን ዲስፕሌይፖርት የሚባል ሌላ ቀዳዳ በመቀየሪያ ኬብል ተጠቀሙበት።

ስፕሊተር፦ ካርዱ ጭራሽ የማያውቀው

ኤችዲኤምአይ ስፕሊተር አንድ መግቢያና ሁለት መውጫ ያላት ትንሽ ሳጥን ናት። ካርዱ አንድ ስክሪን ብቻ ነው የሚያየው። የማባዛቱን ሥራ ሳጥኗ ትሠራለች። በካርዱ ላይ የምትጨምረው ሥራ የለም፣ መዘግየቷም ለሰው የሚታወቅ አይደለም። ድምፁም ለሁለቱም ይደርሳል። ለዚህ ብቻ እንኳ የምወዳት ናት።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ስዊች ከስፕሊተር ጋር ይምታታል፤ ስዊች ብዙ መግቢያና አንድ መውጫ ነው ያለው፣ ለዚህ አይሆንም። ኮረንቲ የማይፈልግ፣ ዋይ ቅርጽ ያለው ኬብልም አለ፤ ሲግናሉን በትክክል አያባዛም፣ ተዉት። የዲስፕሌይፖርት ኤምኤስቲ ሀብም እንደዚሁ ስፕሊተር አይደለም። ለዊንዶውስ ሁለት የተለያዩ ስክሪኖች አድርጎ ያቀርባቸዋል፣ ስለዚህ ወደ ዱፕሊኬት ጥያቄ ትመለሳላችሁ።

ቀጥሎ ቁጥሩን እዩ። ካርቶኑ ላይ "4ኬ" ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ኤችዲኤምአይ 1.4 የሆነ ሳጥን 4ኬን በ30 ኸርዝ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። 4ኬን በ60 ለማሳለፍ 2.0፣ በ120 ለማሳለፍ 2.1 መሆን አለበት። በ30 ኸርዝ ጌም መጫወት ማንም ላይ እንዲደርስ የማልመኘው ነገር ነው።

ትልቁ ገደቧ ግን ሌላ ነው። ስክሪን ሲሰካ "እኔ ይህን ይህን እችላለሁ" ብሎ ለካርዱ የሚልከው መታወቂያ አለ፤ ኤዲድ ይባላል። ስፕሊተሯ ሁለት መታወቂያ ይደርሳታል፣ ለካርዱ ማሳየት የምትችለው አንድ ነው። አንዳንዷ የመጀመሪያውን መውጫ ታሳያለች፣ አንዳንዷ ሁለቱም የሚችሉትን ዝቅተኛውን። ስለዚህ ሞኒተራችሁና ቴሌቪዥናችሁ የማይመጣጠኑ ከሆነ ስፕሊተር ከዱፕሊኬት አያድናችሁም፤ ያው ዝቅተኛው ላይ ነው የምትወድቁት። ለአንዱ መውጫ 4ኬውን ወደ 1080 የሚያሳንሱ ሳጥኖች አሉ፤ ሪዞሉሽኑን ይፈታሉ፣ ሪፍሬሽ ሬቱን ግን አይነኩትም። ጂ-ሲንክና ፍሪሲንክም በአብዛኞቹ አያልፉም።

ጨዋታ የሚቀዳ ካፕቸር ካርድ ያላችሁ ደግሞ የማሳለፊያ መውጫውን እዩት። ያንኑ የስፕሊተሩን ሥራ ይሠራል፣ ሌላ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ኤክስቴንድና ኦቢኤስ፦ እኔ የተረጋጋሁበት

ይህ መንገድ ማዋቀር ይጠይቃል፤ ግን ስክሪኖቻቸው ለማይመሳሰሉ ሰዎች ከሁሉ ይበልጣል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሁለቱን ስክሪኖች አታባዙም፤ ኤክስቴንድ ታደርጋላችሁ፣ ማለትም ሁለተኛውን የዴስክቶፑ ተቀጥላ ታደርጉታላችሁ። እያንዳንዱ የራሱን ሪዞሉሽንና ሪፍሬሽ ሬት ይይዛል። ጨዋታው ሞኒተሩ ላይ በ1440፣ በ144 ኸርዝ፣ ጂ-ሲንኩ እንደበራ ይሄዳል። ኦቢኤስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ የጨዋታውን ምስል እየወሰደ ቴሌቪዥኑ ላይ ያወጣዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ኦቢኤስ ላይ ጌም ካፕቸር የሚለውን ምንጭ ጨምሩ። ቅንብሩ ውስጥ ኤፍፒኤሱን 60 አድርጉት፤ ቴሌቪዥኑ 60 ከሆነ ከዚያ በላይ ትርፍ ነው። የምስሉን መጠን 1920 በ1080 አድርጉ። ከዚያ የምስሉ ማሳያ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፉልስክሪን ፕሮጀክተር የሚለውን፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን ምረጡ። ሪከርድም ላይቭም አትጫኑ። ካልቀዳችሁ ቪዲዮ አይጨመቅም፤ ዋናው ሸክም የሚቀርላችሁ በዚህ ነው።

ወጪ የለውም አልልም። ኦቢኤስ ፍሬሙን እዚያው ካርዱ ውስጥ ይገለብጣል፣ ወደ 1080 ያሳንሳል፣ ለቴሌቪዥኑ ያወጣል። ትንሽ ሥራ ነው፣ ግን የሚሠራው ያው ጨዋታውን የሚስለው ካርድ ነው። ካርዱ 99 በመቶ ላይ እየሠራ ከሆነ ለኦቢኤስ ተራ አይደርሰውም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ ይቆራረጣል። ስለዚህ ለጨዋታው የኤፍፒኤስ ጣሪያ አብጁለት። 120 የምታገኙ ከሆነ 110 ላይ አቁሙት። ሞኒተሩ ላይ ልዩነቱን አታዩትም፣ ቴሌቪዥኑ ግን ይስተካከላል። ኦቢኤስን እንደ አድሚኒስትሬተር መክፈትም ይረዳል፤ ያኔ በካርዱ ላይ ቅድሚያ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል።

ቴሌቪዥኑ ከሞኒተሩ በትንሹ ይዘገያል። ለተመልካች ችግር አይደለም። እኔ ጎል ሳገባ እጮሃለሁ፣ ወንድሜ ለጥቆኝ ይጮሃል፤ ለመድነው። ቴሌቪዥኑን እያየ የሚጫወት ሰው ካለ ግን ይህ መንገድ አይሆንም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆናችሁ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው፣ 2004 የሚል የእትም ቁጥር (ዓመት አይደለም) ካለው በታች አትሁኑ። ከዚያ በፊት 60 ኸርዝ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር 144 ኸርዙም ላይ በመስኮት የሚሄድ ጨዋታ ይንገራገጭ ነበር፤ ያ እትም በእጅጉ አሻሽሎታል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ የኦንላይን ጨዋታዎች ማጭበርበርን ለመከላከል ሲሉ ጌም ካፕቸርን ያግዳሉ። ያኔ ዊንዶው ካፕቸርን ወይም ዲስፕሌይ ካፕቸርን ሞክሩ።

ያለ ኬብል

ቴሌቪዥኑ ሩቅ ከሆነ ካስት ማድረግ፣ ማለትም ምስሉን በዋይፋይ መላክ፣ ያምራል። ዊንዶውስ የሚጠቀመው ሚራካስት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። እዚህ ላይ አዲስ ሥራ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ፍሬም ወደ ቪዲዮ መጨመቅ አለበት። ደግነቱ ኤንቪዲያ ከ2012 ጀምሮ፣ ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ ለዚሁ የተለየ ክፍል ቺፑ ውስጥ አስገብተዋል፣ ስለዚህ የሚስለው ክፍል ብዙ አይነካም። የሚሰማችሁ መዘግየቱ ነው። ዋይፋዩ ሲጨናነቅ ምስሉ ይበላሻል። ዱፕሊኬት አድርጋችሁ ካስት ካደረጋችሁ ደግሞ የሪዞሉሽኑ ጣጣ አብሮ ይመጣል፤ ኤክስቴንድ አድርጋችሁ ከኦቢኤሱ ጋር ብታገናኙት ይሻላል።

በዩኤስቢ የሚሰኩ፣ በዲስፕሌይሊንክ የሚሠሩ ዶኮችን (የስክሪን ቀዳዳ የሚጨምሩ ሳጥኖችን) ለጌም አትጠቀሙ። ምስሉን የሚጨምቁት በኮምፒውተሩ ጉልበት ነው። ለቢሮ ሥራ ጥሩ ናቸው።

ለማን የቱ?

ጨዋታውን ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ለመጫወት ከፈለጋችሁ ማባዛት ለምን አስፈለገ? ሁለተኛው ስክሪን ብቻ በሉት፣ መዘግየትን የሚቀንሰውን የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ አብሩ። ብዙ ሰው ሞኒተሩን ማጥፋት ስለማያስታውስ ብቻ ነው ዱፕሊኬት ላይ የሚቆየው።

ሁለት ተመሳሳይ ስክሪን ያለው ሰው በነፃው ዱፕሊኬት ይጀምር። ድምፁ በሁለቱም እንዲወጣ ከፈለገ ወይም ዊንዶውስ በከፈተው ቁጥር ቅንብሩን ካበላሸበት ስፕሊተር ይግዛ። ፈጣን ሞኒተርና ዘገምተኛ ቴሌቪዥን ያለው፣ ጨዋታውን ሞኒተሩ ላይ የሚጫወት ሰው ኦቢኤሱ ላይ አንድ ምሽት ያጥፋ። እኔ ይህንን ነው ያደረግኩት፣ አልተጸጸትኩም። ላፕቶፕ ላይ ያለ ሰው ሁለቱን ስክሪን የግድ ካልፈለገ አንዱን ያጥፋ። የግድ ከፈለገ ስፕሊተሩን ኤችዲኤምአዩ ላይ ሰክቶ ሞኒተርና ቴሌቪዥን ያገናኝ፣ የላፕቶፑን ስክሪን ይዝጋ።

ለክታችሁ እመኑ

የእኔን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ማሽን ከማሽን ይለያል። ኤፍፒኤስ ለመለካት ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ከሪቫቱነር ጋር ጫኑ። ወይም የኢንቴሉን ፕረዘንትሞን ተጠቀሙ። ጨዋታው ውስጥ አንድ ቦታ ምረጡና በአንድ ስክሪን ሦስት ጊዜ፣ በመረጣችሁት መንገድ ደግሞ ሦስት ጊዜ እዚያው ቦታ ተመላለሱ። አማካዩን ኤፍፒኤስ ብቻ አትመዝግቡ። 1 በመቶ ሎው የሚባለውን (በጣም የዘገዩት ፍሬሞች ላይ የሚታየውን ኤፍፒኤስ) እና ካርዱ ስንት በመቶ እየሠራ እንደነበረም ጻፉ።

ከዚያ ቁጥሮቹን አጣምራችሁ አንብቡ። ኤፍፒኤሱ ወድቆ ካርዱ 99 በመቶ ላይ ከሆነ ሪዞሉሽኑ ሳታውቁት ወጥቷል። ኤፍፒኤሱ 60 ላይ ተቸክሎ ካርዱ ግማሹን ብቻ እየሠራ ከሆነ ቪሲንኩ ዘገምተኛውን ስክሪን እየተከተለ ነው። አማካዩ ያው ሆኖ 1 በመቶ ሎው ብቻ ከወረደ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፐርፎርማንስ ውስጥ ጂፒዩውን ምረጡና ኮፒ የሚለውን ግራፍ እዩ። ዱፕሊኬት ስታደርጉ ብድግ፣ ስታጠፉት ቁጭ የሚል ከሆነ ፍሬሙ በሁለት ቺፕ መካከል እየተመላለሰ ነው፤ ኬብሉን ከየት እንደሰካችሁት ተመለሱና አረጋግጡ። ሦስቱም ሳይሆን ቁጥሮቹ ሁሉ ያው ሆነው ዓይናችሁ ግን መቆራረጥ ካየ ጂ-ሲንክ ወይም ፍሪሲንክ ጠፍቶ ይሆናል። ሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ላይ ሪፍሬሽ ሬቱን የሚያሳይ ከሆነ ጨዋታው እየሄደ ክፈቱት፤ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ጠፍቷል ማለት ነው።